ልጆቻችንን የት እናስተምር?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነገረ። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



የውሃ ፓምፑና የጥበቃው ደመወዝ ጉዳይ በሰብሳቢያችን በኩል ተነግሯል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ የልጆቻችን ትምህርት ነው። እንደምታውቁት አስተማሪ አይደለሁም፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ኮሚቴው መድቦኝ ሁለት ወር ያህል ት/ቤቱንም፣ ወረዳውንም፣ ወላጆችንም እየዞርኩ ስጠይቅ ስለከረምኩ፣ ያገኘሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

ችግሩ የሁላችንም ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ ብዙ ቦታ ላይ ፎቁ ይቀድምና ት/ቤቱና ጤና ጣቢያው ከኋላ ይመጣል። እኛም ከልደታ፣ ከቂርቆስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከመርካቶ ዙሪያ እየተነሣን እዚህ የተሰባሰብን ሰዎች ነን። ቁልፍ ስንረከብ ልጆቻችን በድሮው ሰፈራቸው ይማሩ ስለነበር ብዙዎቻችን እዚያው ተውናቸው። አሁን ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በብሎኮቻችን መሐል የቆመ ሰው፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሕፃን እንቅልፉን ሳይጠግብ ቦርሳውን ተሸክሞ ወደ ታክሲ ሲሮጥ ያያል። ከግቢያችን አጥር ማዶ ደግሞ በእግር 10 ደቂቃ የማይሞላ የመንግሥት ት/ቤት አለ።

“ለምን እዚህ አታስገቡትም?” እያልኩ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ “እሱ ት/ቤት አይረባም” የሚል። “ገብተሽ አይተሽዋል ወይ? ገብተህ አይተኸዋል ወይ?” ስል ግን ግቢውን ረግጠው ያዩት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ከጎረቤት የሰሙ ናቸው፤ ጎረቤትም ከጎረቤት።

ስለዚህ ት/ቤቱ ጥሩ ነው ብዬ ላሳምናችሁ አልቆምኩም። የምለው ሦስት ነገር ነው። ሳናይ አንሽሽ። አይተን ከሄድን በደንቡ እንሂድ። ከቀረን ደግሞ አፋችንን ዘግተን አንቅር።

1ኛ/ ፍርሃታችን መሠረት አለው

የወላጅ ፍርሃት እንዲያው ከመሬት የመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከመቶ ልጅ ሦስት ማለት ነው። ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ ወላጅ የለም።

ነገር ግን ልጅ 12ኛ ክፍል ደርሶ የሚወድቀው በዚያው ዓመት በተፈጠረ ነገር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ማንበብ ያልያዘ ልጅ ከዚያ በኋላ ሳይንሱም፣ ኅብረተሰቡም፣ ሂሳቡም አይገባውም፤ ምክንያቱም ጥያቄውን አያነበውም።

ይህን የምነግራችሁ ት/ቤት ስትመርጡ ዓይናችሁ የት ላይ መዋል እንዳለበት እንድታውቁ ነው። የግቢው አበባና የበሩ ቀለም ልጁን አያስነብበውም። “እንግሊዝኛ ያወራል” የሚለውም እንደዚሁ ነው። በከተማችን የመንግሥት ት/ቤቶች ትምህርቱ እስከ 6ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተሰጥቶ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ስለዚህ እንግሊዝኛው አያሳስብም አልልም፤ ያሳስባል። ነገር ግን በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ያቃተው ልጅ በማያውቀው ቋንቋ እንዴት ያነባል?

2ኛ/ ት/ቤት ሲታይ ምን ይታያል?

ወላጅ ወደ ት/ቤት ሄዶ መጠየቅ መብቱ ነው። ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳችሁ የሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። እኔ ስሄድ ይዤው የሄድኩትን ዝርዝር እነሆ፤

ሀ/ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? ለአንደኛ ደረጃ መለኪያ ሆኖ የኖረው 50 ነው። ከዚያ ምን ያህል እንደሚያልፍ ጠይቁ። ፈረቃ ካለ ልጃችሁ በየትኛው ፈረቃ እንደሚገባ እወቁ።

ለ/ መምህራን ይቆያሉ ወይ? ባለፈው ዓመት ስንቱ ለቀቀ? ሲለቅ በስንት ሳምንት ተተካ? ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። ሁለት ወር ያለ ሂሳብ አስተማሪ የቆየ ክፍል በኋላ አይካካስም።

ሐ/ ደብተር ተመልከቱ። እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። መምህሩ አርሟል ወይ? ቀይ እስክሪብቶ አለበት ወይስ ከመስከረም እስከ ግንቦት ልጁ ብቻውን የጻፈው ነው?

መ/ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከራሱ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ፊደል እየቆጠረ ነው ወይስ እያነበበ? ካነበበ በኋላ ምን እንዳነበበ ጠይቁት።

ሠ/ ሽንት ቤቱን እዩ። ውሃ አለው? የሴቶቹ ለብቻ ነው? በሩ ይዘጋል? ከፍ ያሉ ሴት ልጆች ከት/ቤት ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ረ/ የት/ቤቱ የኢንስፔክሽን ደረጃ ስንት ነው? ይህን ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ሰምቶ ይደነግጣል። ት/ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚመደቡበት መለኪያ ሦስት ክፍል አለው፤ ግብዓት 25 ከመቶ፣ ሂደት 35 ከመቶ፣ ውጤት 40 ከመቶ። ግብዓት የሚባለው ሕንፃው፣ መጽሐፉ፣ ቤተ ሙከራው፣ የሰው ኀይሉ ነው። ሂደት የሚባለው ማስተማሩና አመራሩ ነው። ውጤት ደግሞ ተማሪው የሚያመጣው ነው። ድምሩ ከ50 በታች ሲሆን ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ሳይሞላ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ሳይሞላ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። እንግዲህ ሁለት ት/ቤት እኩል ደረጃ 2 ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ስለሌለው፣ ሌላው ግን መምህሩ ስለማያስተምር። የመጀመሪያው ት/ቤት ልጅ ይላክበታል፤ ሁለተኛው ያስፈራል። ስለዚህ “ደረጃው ስንት ነው?” ብላችሁ አትመለሱ፤ “ነጥቡ የጎደለው በየትኛው ክፍል ነው?” በሉ።

ሰ/ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ውጤት ጠይቁ። ቁጥሩን ስታዩ ግን ማን እንደተፈተነ አስቡ። ልጅን በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል፣ ደከም ያለውንም “ሌላ ት/ቤት ፈልጉለት” እያለ የሚሸኝ ት/ቤት ጥሩ ውጤት ቢያመጣ አይገርምም። የሰፈር ት/ቤት የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ከዓምናው ዘንድሮ ተሻሻለ ወይስ ወረደ የሚለውን ማየት የበለጠ ያስተምራል።

እኔ በእኛ ት/ቤት ያየሁትን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ክፍሎቹ ተጨናንቀዋል። ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተከፈተው ክፍል ተቆልፎ አቧራ ለብሷል። የሁለተኛው ሕንፃ ሽንት ቤት ውሃ የለውም። በሌላ በኩል የታችኛው ክፍል መምህራን አብዛኞቹ የቆዩ ናቸው፤ ያየኋቸው የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ደብተሮች ታርመዋል፤ እንዲያነቡልኝ ከጠየቅኋቸው አምስት ልጆች አራቱ አንብበው ምን እንዳነበቡ ነግረውኛል። ከ5ኛ ክፍል በላይ ግን የሂሳብና የእንግሊዝኛ መምህር እጥረት አለ። ይህን ርእሰ መምህሩም አልደበቁም። ስለዚህ “አይረባም” ለሚለው ቃል መልሱ፤ ለትንንሾቹ ይረባል፣ ለትልልቆቹ ብዙ ይቀረዋል የሚል ነው።

3ኛ/ የምዝገባው ደንብ

የመንግሥት ት/ቤት ሲመዘግብ በቅድሚያ የሚያየው የአካባቢውን ነዋሪ ነው። ይህም በመታወቂያ ይረጋገጣል። ብዙዎቻችን ግን እስከ ዛሬ የምንይዘው የድሮውን ወረዳ መታወቂያ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ወላጅ እዚህ ሊያስመዘግብ ሲሄድ “የዚህ ወረዳ ነዋሪ አይደሉም” ተብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ “ት/ቤቱ አልቀበልም አለኝ” እያለ ያወራል። ጉድለቱ ወረቀቱ ላይ ነው። ከድሮው ወረዳ መሸኛ አውጥታችሁ እዚህ መታወቂያ አውጡ። ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ ነሐሴ ላይ ሰልፉን ታውቁታላችሁ።

ለአንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ዕድሜው 7 ዓመት ነው። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የወላጅ መታወቂያና ፎቶግራፍ አዘጋጁ። ከሌላ ት/ቤት የሚዛወር ልጅ የዝውውር ደብዳቤና የውጤት ካርድ ያስፈልገዋል። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ማዛወር ለልጁም ለሰነዱም ችግር ስለሆነ፣ የግድ ካልሆነ በቀር ዓመቱን ጨርሱት።

ወደ ሌላ ወረዳ የመንግሥት ት/ቤት መላክ የፈለገም በሩ ፈጽሞ አልተዘጋበትም። ቦታ ካላቸው የሚቀበሉ አሉ። ነገር ግን የአካባቢው ሰው ተመዝግቦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ ተማምናችሁ እዚህ ሳትመዘገቡ አትቅሩ።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ጥሩ የሚባል ት/ቤት አጠገብ የሚኖር ዘመድ አድራሻ ተውሶ ማስመዝገብ እየተለመደ ነው። ይህ ሐሰተኛ ማስረጃ ነው። የተያዘ ዕለት የሚዋረደው ልጁ ነው፤ ከጓደኞቹ መሐል ተጠርቶ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር እንኳ ት/ቤቱ ሲጠብ ቅድሚያ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለቅርብ ነዋሪ ስለሆነ ሰው በሐሰት አድራሻ እየተመዘገበ አስቸግሯል፤ ሲታወቅበትም ቦታውን ይነጠቃል። ከዚያ በላይ ግን የእዚያ ሰፈር ድሃ ልጅ ቦታ እንደሚወሰድ እናስብ።

4ኛ/ የመንገዱ ሂሳብ

አሁን ደግሞ ሂሳብ እንሥራ። አንድ ልጅ ወደ ድሮ ሰፈሩ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል እንበል። በቀን 3 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 15 ሰዓት። በክፍል ውስጥስ? በቀን 6 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱን 40 ደቂቃ ብንል በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። እንግዲህ ልጁ 20 ሰዓት ለመማር 15 ሰዓት መንገድ ላይ ይውላል ማለት ነው። ያ 15 ሰዓት የጥናቱ፣ የእንቅልፉ፣ የጨዋታው ነበር።

ከገንዘቡም በኩል እንየው። ለሰርቪስ ወይም ለታክሲ በወር የምታወጡትን ጻፉና በ10 አባዙት። የግል ት/ቤት ከሆነ ክፍያውን፣ መመዝገቢያውን፣ መጽሐፉን፣ ዩኒፎርሙን፣ የምሳ ዕቃውን ጨምሩበት። በከተማችን የመንግሥት ት/ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደንብ ልብስ፣ ደብተርና ምገባ እንደሚሰጥም አትርሱ። ድምሩን ስታገኙ፣ በዚያ ገንዘብ እዚሁ ሰፈር ለልጁ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያስጠና መምህር መቅጠር ይቻላል ወይ ብላችሁ አስቡ። ከአራት ጎረቤት ጋር ተካፍላችሁ ከሆነ ደግሞ የሚገኝ ይመስለኛል።

ይህን ስል መሄድ ሁሉ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ያላቸው ጎረቤታችን የልዩ ፍላጎት መምህር ወዳለበት ት/ቤት በየቀኑ ያመላልሱታል፤ ትክክል ናቸው፤ እንዲያውም ልንረዳቸው ይገባል። ስምንተኛ ክፍል ሊፈተን ሁለት ወር የቀረውን ልጅ ማዛወርም አይገባም። ልጁ ተደብድቦ፣ ወይም ተነክቶ፣ ት/ቤቱ መፍትሔ ካልሰጠም ወላጅ ልጁን ማውጣት ግዴታው ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሂሳቡ ለየብቻ ነው።

5ኛ/ የተነሣብን ተቃውሞ

ባለፈው ወር በብሎክ ተወካዮች ስብሰባ ላይ አንዲት እኅታችን ተነሥታ፣ “እናንተ ት/ቤቱን ለማሻሻል ስትሉ የእኔን ልጅ መሞከሪያ ልታደርጉት ነው ወይ? ት/ቤቱ በአምስት ዓመት ቢሻሻል የእኔ ልጅ ያኔ አልፎታል” አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም እስከ ዛሬ ሳስብበት ቆይቻለሁ።

እውነት አላት። ልጅ አንድ ጊዜ ነው አንደኛ ክፍል የሚማረው። ማንም ሰው የራሱን ልጅ ለሰፈር እንዲሠዋ ማኅበሩ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም መብት የለውም።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንመልከት። ከዚህ ሰፈር ልጁን ማውጣት የሚችለው ማነው? ደመወዝ ያለው፣ መናገር የሚችል፣ ቢሮ ገብቶ የሚከራከር ሰው ነው። እሱ ሲወጣ ት/ቤቱ ውስጥ የሚቀረው የማን ልጅ ነው? እንጀራ ሸጣ የምታድር እናት፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ እማማ፣ ሌሊት ዘብ የሚያድር አባት ልጅ ነው። እነሱ የሂሳብ መምህር ሦስት ወር ሲጠፋ ወረዳ ሄደው አይጮኹም፤ ጊዜም የላቸውም፣ ጉልበትም የላቸውም። ጠያቂ የሌለው ት/ቤት ደግሞ ይብስበታል። ሲብስ የቀሩትም ይወጣሉ። እንዲህ እያለ የሰፈር ት/ቤት የድሃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልጆቻችን ግን በአንድ ግቢ ነው የሚያድጉት፤ ኳስ አብረው ነው የሚጫወቱት።

ስለዚህ ለእኅታችን የምመልሰው ይህን ነው። ልጅሽን የት እንደምታስገቢ ምርጫው ያንቺ ነው፤ ማንም አይወቅስሽም። ብትወስጂውም ግን ጉዳዩን አትተዪው። ት/ቤቱ የሰፈሩ ነው፤ መጠየቅ የሚችል ሰው ያስፈልገዋል። ላስቀር የምትል እናት ደግሞ ብቻዋን ሳትሆን ከሌሎች አሥር እናቶች ጋር ሆና ታስገባ። አንድ ልጅ ብቻውን ሲገባና አሥር የሰፈር ልጆች አብረው ሲገቡ አንድ አይደለም፤ ለመምህሩም፣ ለርእሰ መምህሩም አንድ አይደለም።

6ኛ/ ምን እናድርግ?

እያንዳንዱ ት/ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለው፤ በአጭሩ ወተመኅ ይባላል። የት/ቤቱን ዕቅድ የሚያይ፣ የድጎማው ገንዘብ በምን ላይ እንደዋለ የሚጠይቅ፣ መምህር ሲጓደል ለወረዳው የሚያሳውቅ ይህ አካል ነው። ስጠይቅ እንደተረዳሁት ባለፈው ምርጫ ከእኛ ብሎኮች የተገኘ ወላጅ አልነበረም። ባልተገኘንበት የሚወሰነውን ኋላ እያማን እንኖራለን ማለት ነው። ከዚህም በመነሣት ኮሚቴው የሚከተለውን ለጉባኤው አቅርቧል፤

1. በመስከረም በሚደረገው የወተመኅ ምርጫ ላይ ከየብሎኩ ቢያንስ ሦስት ወላጆች እንዲገኙ፤ ለመመረጥ ፈቃደኛ የሆኑትም ከአሁኑ ስማቸውን እንዲሰጡ።

2. አምስት ሰዎች ያሉበት ቡድን ተመርጦ ሁለት ጥያቄዎችን ብቻ ይዞ ወደ ት/ቤቱና ወደ ወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት እንዲሄድ፤ እነሱም የሁለተኛው ሕንፃ ሽንት ቤት ውሃ እና የ5ኛና የ6ኛ ክፍል የሂሳብና የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ሃያ ጥያቄ ይዞ የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል። መልሱ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠየቅ፤ ሲመጣም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

3. የተቆለፈውን ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ሁለት ቀን የሚከፍቱ ፈቃደኞች ከመካከላችን እንዲመደቡ ት/ቤቱ እንዲጠየቅ። ጡረታ የወጡ ሁለት መምህራን ነዋሪዎቻችን ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸውልናል፤ ምስጋናችን የላቀ ነው።

4. የኮሚናሉ ምድር ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የንባብ ቦታ እንዲሆን፤ የትም ይማሩ የት። በዓል ሲደርስ ለዕርድ የሚፈለግ ከሆነ አስቀድሞ ይነገር።

5. ጠዋት ልጆችን በቡድን አስፋልቱን የሚያሻግሩ ወላጆች በተራ እንዲመደቡ። መኪናው እንደምታውቁት አይምርም።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

ይህ ሁሉ ሆኖ ት/ቤቱ በአንድ ዓመት ይለወጣል ብዬ አልዋሽም። ውሃውን ግን በአንድ ዓመት ማስገባት ይቻላል። መጽሐፍ ቤቱን በአንድ ሳምንት መክፈት ይቻላል። ልጅን ማስነበብማ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ይጀመራል፤ እኔ እንኳ በስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ አስነብባለሁ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ልጁን “አንብብልኝ” ብሎ ተቀምጦ መስማት ይችላል።

ስለዚህ ከምዝገባው በፊት አንድ ጠዋት ሰውታችሁ ሄዳችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ “አይረባም” ብትሉም ምኑ እንደማይረባ ስለምትነግሩን ይጠቅመናል።



የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ት/ቤቱን በጋራ ለመጎብኘት የምትፈልጉ ወላጆች በማኅበሩ ጽ/ቤት ስማችሁን አስመዝግቡ። መታወቂያ ያላዛወራችሁ ነዋሪዎች የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ዝርዝር ከጽ/ቤቱ መውሰድ ትችላላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሁሉም እንዲያነበው ስለሆነ ከሰሌዳው ላይ እንዳትገነጥሉት በትሕትና እንጠይቃለን።